እጅ የማይነካው ባቡር

የፍሪጅ በር ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ማንም ሳይገፋው ማግኔቱ ስቦት ራሱ ሄዶ ጥብቅ ይላል፤ አስተውለህ ታውቃለህ? ያችን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እኔ ናዝሬት ነኝ። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ቤታችን ሲሚንቶ ላይ በሆዴ ተኝቻለሁ፤ ነፋሱ ከወንጂ በኩል የተቃጠለ አገዳ ሽታ ይዞ በመስኮት ይገባል።

አባቴ ፉርጎ አያያዥ ነበር። የጭነት ባቡር ሲመጣ አንዱን ፉርጎ ካንዱ የሚያቆላልፈውና የሚፈታው እሱ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ቀኝ እጁን መሃል እንዳስገባ ሁለቱ ፉርጎዎች ገጠሙበት። ሦስት ጣቱን እዚያው ትቶ መጣ። ቁስሉ ሲሽር ወደ ጥበቃ አዛወሩት፤ ከእኛ ጋር ገበታ መቅረብ ግን ተወ። በተረፉት ሁለት ጣቶች መጠቅለል አፈረ፤ በግራ መብላት ደግሞ ነውር ነው። እናቴ ለብቻው በሳህን መኝታ ቤት ታስገባለታለች፤ በሩን ዘግቶ በማንኪያ ይበላል። በዚያ በናዝሬት ሙቀት ቀኝ እጁ ከኮት ኪሱ አይወጣም። እኛም ሳንመካከር «እጅ» የሚለውን ቃል ከቤታችን አባረርነው። በትሪው ዙሪያ የእሱ ቦታ ክፍት ነበር፤ እንደዚያች ክፍት ቦታ የምጠላው ነገር አልነበረኝም።

እጅ ሳይገባበት የሚፈታ ባቡር ልሥራ ብዬ የተነሳሁት ያን ጊዜ ነው። የልጅ ነገር፣ ባቡሩ ከተሳካልኝ አባቴ ወደ ገበታው የሚመለስ መሰለኝ።

ለመፍቻ ያሰብኩትን ማግኔት የሰጠኝ ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን ነው። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ?» እንዴት ነሽ ልጄ አለኝ በኦሮምኛ፤ ለምን እንደፈለግሁት እንኳ ሳይጠይቅ ከሞተ ስፒከር ጀርባ ፈልቅቆ ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ባቡር ከሰርዲን ቆርቆሮ ሠራሁት፤ ጎማው ቆርኪ ነበር። ማግኔቱን ከሥር ሳስጠጋ ባቡሩ ከነጎማው ድርቅ ብሎ ቀረ። ለካ ማግኔት ቆርቆሮ ካየ አይመርጥም። «አንቺ የሠራሽው ባቡር ሳይሆን ፍሬን ነው» ብሎ ታላቅ ወንድሜ መሳቂያ አደረገኝ።

ሁለተኛውን ከክብሪት ቀፎ ሠራሁ፤ ለጎማ የሸሚዝ ቁልፍ አደረግሁለት። ከፊተኛው ፉርጎ ጀርባ ከመርፌ ቁልፍ የተፈታ ቀጭን ሽቦ አወጣሁና ጫፉን ወደ ላይ ቆለመምኩት። ኋለኛው ላይ ማግኔት የማይስበውን የመዳብ ሽቦ ቀለበት አድርጌ ገጠምኩ። ሁለቱ ሲያያዙ ሸጋ ባቡር ናቸው። ሐዲዳችን በሁለት ጡብ ላይ የተጋደመ ስስ የኮምፔንሳቶ እንጨት ነበር፤ ከሥሩ ማግኔቱን ሳስጠጋ ቆልማማው ሽቦ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ከቀለበቱ ይወጣል። ወንድሜ ፊተኛውን በክር ሲጎትት ኋለኛው ባለበት ይቀራል። የማንም ጣት አልነካውም። ወጪውም ከእናቴ መርፌ ቁልፎች አያልፍም፤ እሷ እስከ ዛሬ ትፈልጋቸው ይሆናል።

አንድ እሁድ እናቴ የቀበሌ ስብሰባ ሄዳ ስንጫወት አባቴ ከመኝታ ቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ባቡሩ ሁለት ጊዜ ሲፈታ አየ። ኋላ መጥቶ አጠገባችን ቁጢጥ አለ።

«ቀስ በል፤ አትወጥረው» አለው ወንድሜን። «የተወጠረ ፉርጎ አይፈታም።»

የሥራ ድምፁ ነበር፤ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። ወንድሜ ግን ደንግጦ ይብሱን ሳበው፤ ሽቦው ቀለበቱ ላይ ነክሶ ቀረ። አባቴ ሳያስበው ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ በሁለቱ ፉርጎዎች መሃል ሰደደ።

«እጅ!» ብሎ ወንድሜ ጮኸ፤ ልክ ኳስ ሜዳ ላይ ኳስ በእጁ በነካ ልጅ ላይ እንደሚጮኸው።

ወንድሜ አፉን በሁለት መዳፉ ያዘ። እኔ ከኮምፔንሳቶው ሥር ማግኔቱን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። አባቴ እጁን እንደ ሰው ዕቃ እያገላበጠ አየው።

«የቱ እጅ?» አለ በመጨረሻ። «ይኼ እኮ ግማሽ ነው። በግማሽ እጅ ፋውል አለ እንዴ?»

ከዚያ ሳቀ። እኛም መጀመሪያ ፊቱን እያየን፣ ኋላ እየተንከተከትን ሳቅን። የሱ መጨረሻው ላይ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም፤ ዓይኑን የጠረገው በዚያው እጁ ነው።

አባቴ ካረፈ ዘመን ሆነው። ሲናፍቀኝ ታሞ ያየሁትን ፊቱን አላስብም፤ የማስበው የዚያን ዕለት ምሳ ነው። እናቴ ከስብሰባው ተመልሳ እንደ ልማዷ ሳህኑን ለብቻ ልትወስድለት ስትል «ተይው» አላት። መጥቶ ትሪው አጠገብ ተቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ታያለሽ? አስታጥቢኝ እንጂ።»

ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቀረብኩ። ሁለቱንም እጆቹን ዘረጋልኝ። ውሃው ጣቶቹ በነበሩበት በኩል አልፎ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ማፍሰሴን ሳቆም፣ «ጨምሪ» አለኝ። ጨመርኩለት።