እጅ ያላወጣንበት ሳምንት

ትናንት የልጅ ልጄ ለይላ ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን አልጋው ላይ ወረወረችና፣ «አባባ፣ ዛሬ ቲቸር ስትጠይቀን ማንም እጅ አላወጣ፤ ከፍቷት ወጣች» አለችኝ። ለሷ ቀላል ወሬ ነው። እኔ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር፤ እጄ ላይ ቀረ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ የሰሜኑ ጦርነት በበረታበት ዓመት። ወታደር የጫኑ መኪኖች ከተማችንን መርሳን አቋርጠው ወደ ወልድያ ሲያልፉ አቧራቸው ክፍላችን ድረስ ይገባ ነበር። አባቴ እርሻውን ስላስቀደመ ዘግይቶ ነው ትምህርት ቤት ያስገባኝ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አይገባም።

መምህራችን ይመር የወልድያ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ከኔ ብዙም ባይርቅም ጋሼ ነበር የምንለው። ሰው ሲሳሳት ይስቃል፤ ግን የሹፈት ሳቅ አይደለም፣ ስጦታ ያመጡለት ያህል ነው። አንድ ቀን ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ቢለኝ «መቶ» አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀና፣ «ሰይዶ፣ መርሳ ገበያ እንዳንተ የሚለግስ አላየሁም፤ እስቲ ትንሽ ቀንስልኝ» አለኝ። እንዲህ ስለነበር የሚያውቀውም የማያውቀውም እጁን ያወጣል። እሱ ሲደሰት የኛም ጭንቅላት ይከፈት ነበር፤ ለምን እንደሆነ የተማረ ይንገረኝ።

በጥቅምት፣ የማሽላ እሸት በሚጠበስበት ሰሞን፣ ከግንባር የተመለሰ ወታደር ቤታችን መጥቶ የጋሼ ታናሽ ወንድም መሞቱን ለአባቴ ነገረው። በኛ አገር መርዶ እንዲያው አይወረወርም። አባቴና የአገሩ ሽማግሌዎች፣ ዘመድ ተሰብስቦ እናቱ ወልድያ ላይ በምትሰማበት ጧት እሱም ይስማ ብለው ለሳምንት አቆዩት። አባቴ ቃል እንዳትወጣኝ አስጠነቀቀኝ። እኔ ግን አጠገቤ ለሚቀመጠው ለአሊ ሹክ አልኩት። በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ጋሼ እንደ ልማዱ እየሳቀ ገባ። ጠየቀ፤ ማንም እጅ አላወጣ። ማን ዓይኑን ይየው? በሁለተኛው ቀን ቀልድ ጨመረ። በሦስተኛው ብርቱካን ገዝቶ አንዳንድ አደለን፤ ይዘነው ተቀመጥን፣ አንድም የላጠ የለም። በአራተኛው ቀን ሳቁን ተወ። ስንወጣ እኔን አስቀረኝ።

«ሰይዶ፣ አንተ ትልቅ ነህ። ምን አጠፋሁባችሁ?»

«ምንም፣ ጋሼ። ትምህርቱ ከብዶን ነው።»

ጠመኔውን ኪሱ ከተተና ራሱን ነቀነቀ።

መርዶውን በሳምንቱ፣ ጎህ ሲቀድ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አረዱት። ለቅሶው ላይ ተጠግቼ ሁላችንም ቀድመን እናውቅ እንደነበር ነገርኩት። 

«እኔ ደግሞ ማስተማር ያልሆነልኝ መስሎኝ ዝውውር ጠይቄያለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «በቀደም ነው ማመልከቻውን የሰጠሁት።»

ወልድያ ሄዶ ቢሮ ገባ ሲሉ ሰማሁ። በሱ ቦታ የመጣው መምህር ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን መቶ ብለው የሚመልሱለት ሰው አልነበረም። በጋው ሳይጋመስ ትምህርቱን ተውኩት።

ምላሴን ይዤ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። ሐዘኑ አይቀርለትም ነበር፤ ያቺ ሳምንት ግን የሱ ነበረች፣ ከልጆች ጋር ሊስቅባት።

ብርቱካኑን ለለይላ ከፈልኩላትና፣ ነገ ቲቸር ስትጠይቅ እጅሽን አውጪ አልኳት።

«ባላውቀውስ፣ አባባ?»

«መቶ በያት።»