ወንድሜ ያነበበልኝ ወረቀት

ታላቅ ወንድሜ ሕመሜን ደበቀኝ። ስምንት ወር ሙሉ።

የጀመረኝ ጌዶ ከብት ገበያ ነው። አምቦ የምኖር የከብት ነጋዴ ነኝ። የበሬ ጥርስ ለማየት ሳጎነብስ ፊቴ ይነፋል፣ የአንገቴ ደም ሥር ይገተራል፤ ቀና ስል ይተወኛል። ሳልም ተከተለ። ከአምቦ ሆስፒታል አዲስ አበባ ልከውኝ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ውጤቱን የተቀበለው ወንድሜ ተሾመ ነው፤ እሱ አስተማሪ ነው፣ እኔ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው።

“ደረትህን ብርድ መትቶህ ነው” አለኝ።

እኛ ዘንድ ክፉ ውጤት ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም። ዕጢ ከተባለ አይተርፍም፣ ባይሆን በሰላም ይክረም ብሎ ለሐኪም እንኳ ሳያሳይ ቀረ። ለዘመድ ግን ነግሯል። ከጌዶ እየመጡ ይጠይቁኛል፣ ይበላሉ፣ ዓይኔን አያዩኝም። እኔና ሚስቴ ጫልቱ ብቻ አናውቅም።

አንድ ጠዋት ዓይኔ አልገለጥ አለ። ፊቴ ጠቆረ። ትንፋሽ አጣሁ። ጫልቱ “ያን ወረቀት አምጣ!” ብላ ተሾመ ላይ ጮኸችበት። ይዛኝ አዲስ አበባ ገባች።

“ጋሼ፣ ይህን ማን አነበበልዎት?” አለች ሐኪሟ።

“ወንድሜ።”

“ከደረት አጥንትዎ ኋላ ዕጢ አለ ይላል። ከስምንት ወር በፊት።”



በመርፌ ናሙና ወሰዱ። የታይመስ ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ የሚባል የካንሰር ዓይነት ነው፣ ብዙ አይገጥመንም አለችኝ። “ጥጃ ሲታረድ ከልቡ በላይ ያለውን ለስላሳ ሥጋ አይተው የለ? ታይመስ እሱ ነው። ሰውም አለው።”

ደረቴን በመጋዝ ከፈቱት። አብዛኛው ወጣ። ትልቁ ደም ሥር ላይ የተጣበቀው ቀረ። ቀድሜ ብመጣ ሁሉም ይወጣ ነበር ወይ አልኳት።

“ምናልባት” አለች።

ከዚያ ለሳምንታት ጨረር ተሰጠኝ፤ ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ከረምኩ፤ አምቦ ተመልሼም ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አስፋልት እያልኩ መራመድ ስለምድ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ከሕፃን ባነሰ ፍጥነት ፊደል ለየሁ፣ ይህንንም የምጽፈው በዚያችው ዕውቀት ነው።

ፊትህ የሚነፋብህ ሰው፣ ውጤትህን ራስህ ተቀበል። ማንበብ ካልቻልክ ሐኪሙ በአፉ ይንገርህ፤ ዘመድ በር ላይ ይቆይ። ይህ ዕጢ ይመለሳልና ክትትል አታቋርጥ። ጫልቱን አመሰግናለሁ። ሐኪሟንም፣ ስላልዋሸችኝ።

ከተሾመ ጋር ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ዘመድም ተሰበሰበ።

“ለአገር ሁሉ ነግረህ ከባለ ደረቱ የደበቅኸው ምን ብለህ ነው?” አሉት ኦቦ ለሜሳ፣ ትልቁ ሽማግሌ። ሰው ሳቀ።

“ፈራሁ” አለ ተሾመ።

ይህ መልስ አልበቃኝም። አዲሱን የሲቲ ስካን ውጤት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ምን እንደሚል ሐኪሟ ነግራኛለች፤ እሱ ግን ማወቄን አያውቅም።

“አንብብልኝ። ሁሉም ይስማ።”

መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ።

“ዕጢው እንደገና ማደግ ጀምሯል ይላል” አለ።

ልክ ነበር። እጁን ጨበጥኩት። ጉዳያችን ያለቀው ቅዳሜ፣ መጋቢት 14 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው።