የባለቤቴ መድኃኒት በፋሲካ ሰሞን

ባለቤቴ ስኳር ነበረባት። መድኃኒቱን ጠዋትና ማታ የምወጋት እኔው ነበርኩ። ሐኪም ቤት «ሙቀት እንዳይነካው» ብለው አስጠንቅቀውናል። ጎንደር አራዳ የተከራየናት ክፍል ግን ጣራዋ ቆርቆሮ ነው፤ መብራታችንም ካከራዩን ሰዎች ቆጣሪ የተቀጠለ አንድ አምፖል ብቻ። ፍሪጅ ብሎ ነገር አይታሰብም። ብልቃጡን ከበራችን አጠገብ ያለው ባለሱቅ ከለስላሳው ጋር ያስቀምጥልን ነበር፤ ሸጋ ሰው ነው።

ያን ዓመት የሚያዝያው ሙቀት ለብቻው ነበር። ጎንደር እንዲህ ስትግል አላውቅም፤ ቆላ ሳንጃ የወረድን ነው የመሰለን። ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ አልመለስ አለ። የባለሱቁ ፍሪጅም ሞቀ። ብልቃጡን አምጥቼ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋ ሥር አኖርኩት። የቧንቧው ውሃም ጠፍቶ ስለነበር ጨርቁ ደርቆ ይውላል።

ከፊታችን ካለው ፎቅ ቤት ግን ጄኔሬተሩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል።

«ሄጄ ፍሪጃችሁ ውስጥ አኑሩልኝ ልበላቸው?» አልኳት።

«በፋሲካ ምድር? ዶሮው ሸቶት መጣ እንዲሉህ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። በበዓል ቀን የሀብታም ደጅ የቆመ ሰው ምን ፈልጎ እንደሚመስል ይታወቃል። ተውኩት። በዓሉ አልፎ ማክሰኞ ኮቴን ደርቤ አንኳኳሁ። የቤቱ እመቤት ራሷ ከፈተችልኝ።

«ምነው አያ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የተጨነቁት? መብራቱ እንደጠፋ አይመጡም ነበር?» ብላ ብልቃጡን ተቀበለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማታ እየሄድኩ አመጣለሁ። ብልቃጡ እጄን ሲያቀዘቅዘኝ ደስ ይለኛል። የገጠር ሰው ነኝ፤ የቀለጠ ቅቤ ሲቀዘቅዝ መልሶ እንደሚረጋው፣ የመድኃኒቱም ኃይል የተመለሰ መሰለኝ። ማንንም አልጠየቅኩም።

እሷ ግን ውሃ፣ ውሃ ብቻ አለች። ቅዳሜ ዕለት ስጠራት አልመልስ ስትለኝ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስኳት። ነርሷ ብልቃጡን አገላብጣ አየችው።

«ሙቀት አግኝቶት ነበር?»

«አግኝቶት ነበር፤ ኋላ ግን ሸጋ አድርገን አቀዝቅዘነዋል።»

«አባባ፣ አንዴ ሙቀት ካበላሸው ወዲያ ቢቀዘቅዝም አይመለስም» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ባለቤቴ በማግሥቱ አረፈች።

የፎቋ ሴት ለቅሶ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» እያለች አምርራ አለቀሰች። ደጇ ከደጄ ሃያ እርምጃ አይሞላም። አምስት ቀን ሙሉ መሻገር አቃተኝ።