በመድረክ ላይ የጠየቅሁት

ባሌ ከሥራ ባልደረባው ጋር ሌላ ግንኙነት እንደነበረው ካወቅሁ በኋላ አልተለያየንም። ሽማግሌም አልጠራንም፣ ለቤተሰብም አልተናገርንም። እሱ «አልቋል» አለ። ስልኩ ሲጠራ ፊቱን ማየት፣ ባመሸ ቁጥር እውነት ሥራ ላይ ነበር ወይ እያሉ ማሰላሰል፣ አረጋውያን ሳነሳና ሳስተኛ ከምውልበት ሥራዬ ይብስ ያደክመኝ ነበር።

ሁለታችንም በምንኖርበት የውጭ አገር ከተማ፣ ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የሐበሻ የቲያትር ቡድን አባል ነን። ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ተከራይተን እንለማመዳለን። አዘጋጃችን ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ መድረክ ላይ የጨረሱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ያመጡት ድርሰት ሚስቱን ስለከዳ ባል ነበር። ባልና ሚስቱን እንድንጫወት እኛን መደቡን።

«አንድ ቤት ስለምትኖሩ እዚያም ትለማመዳላችሁ» አሉ።

የቤታችንን ጉድ አያውቁም። እምቢ ካልን ምክንያት መስጠት ሊኖርብን ነው። እሺ አልን።

ቤት ውስጥ አንድም ቀን አልተለማመድንም። እሱ ቃሉን መኪና ውስጥ ያጠናል፣ እኔ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ።

ባልየው ጥፋቱን የሚናዘዝበት ትዕይንት ላይ ስንደርስ ባሌ ተንበርክኮ፣ «ተሳስቻለሁ፤ ቤታችንን ግን አላረከስኩም» አለ። ድርሰቱ እንደሚለው ፊቴን አዙሬ ማልቀስ ነበረብኝ። አላለቀስኩም።

«እዚህ ቤት መጥታ ታውቃለች?» አልኩት።

ይህን ቤታችን ውስጥ ስንት ጊዜ ጠይቄው፣ በልጃችን እየማለ ክዷል። አሁን ቀና ብሎ አየኝ።

«አንድ ቀን» አለ። «አንቺ ሥራ ነበርሽ። ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀመጥን።»

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ይሄ ይግባ። ከየት አመጣችሁት?»

«እንዲሁ መጣልን፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ወደ ቤታችን፣ ወደ ትሩጋኒና ስንመለስ፣ «ለምን እዚያ ነገርከኝ?» አልኩት።

«መዋሸት ታከተኝ። ቤት ውስጥ ግን እንዴት ብዬ እንደምጀምረው አላውቅም ነበር።»

በማግስቱ ሶፋውን እንዲያወጣው ነገርኩት። ለብቻው ስላቃተው በአንዱ ጫፍ እኔ ያዝኩለት፤ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና እንዲወስደው ደጅ መንገዱ ዳር አስቀመጥነው። ልጃችን በእንግሊዝኛ ለምን እንደምንጥለው ስትጠይቅ፣ ሁለታችንም «አርጅቷል» አልናት።

ትርኢቱ የቀረበው እሑድ ከሰዓት ነበር። ጥያቄዬን ስጠይቅ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። ባሌ መልሱን ያለ አንዳች ለውጥ ደገመው። መጨረሻ ላይ «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚለው ቃል የእኔ ነበር። ጥርት አድርጌ አልኩት፤ ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ቁልፉን ይዞ ቆየ።

«ያልሽው ከልብሽ ነው?»

«ድርሰቱ ላይ ያለ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ መኪናውን አስነሳ።

ዛሬም አብረን ነን። ስጠይቀው ይመልስልኛል፣ የሚያሳፍረውንም ጭምር። የምጠይቀው ግን እያነሰ መጥቷል። ስላመንኩት ይሁን ስለታከተኝ፣ ገና አልለየሁትም።