ከሰባት የሚጀምረው ሜትር

ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚሁ ሰፈር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ማሂ የአንድ ቀሚስ ፎቶ ላከችልኝ። ከሥሩ «ሶሊዬ፣ ኦንላይን ላዝዘው ነው። ምን ምን ልጠንቀቅ? ቶሎ በይ፣ ሊያልቅ ነው!» ይላል። ማሂ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ልሞላ ሁለት ወር ቀርቶኛል፤ በእሷ ቤት አሮጊት ነኝ፣ ያላየሁት የለም። ስልኬን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ቶሎ ትዝ ያለኝ ምክር አልነበረም፤ አንዲት ቁራጭ ጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ነበረች።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ሰፈራችን ጎሮ በየሳምንቱ የምትለወጥበት ጊዜ ነበር፤ ሰኞ ባዶ ሜዳ የነበረው ቦታ ዓርብ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ተከቦ ይገኛል። መንገዱ ተቆፍሮ ስለከረመ በበጋ አቧራ፣ በሰኔ ጭቃ ነው። ነጭ ካልሲያችን ቤት ስንደርስ ቡኒ ሆኖ ይገባል። ስልካችን ውስጥ ግን ጭቃ የለም። የልብስ መሸጫ ቻናሎቹን ስከፍት በዚያች በተሰነጠቀች ስክሪን በኩል ዓለም ሁሉ ቀሚስ ለብሶ ያልፍ ነበር።

በዚያ ሰኔ የትምህርት ቤታችን የመዝጊያ ዝግጅት ላይ አምስት ሆነን እንድንዘፍን ተመረጥን። መምህራችን «አንድ ዓይነት ልብስ ልበሱ» አሉን። ሁሉም ያሰቡት ጋሽ ተሾመን ነው። ጋሽ ተሾመ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሰው ሲለኩ ከንፈራቸው ዝም አይልም፣ ቀስ እያሉ ያጉተመትማሉ። ጸሎት የሚያደርሱ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ግን «እምቢ!» አልኩ። «ጋሽ ተሾመ ዩኒፎርም ነው የሚያውቁት። መድረክ ላይ ወጥተን ሰልፍ የያዝን እንምሰል?»

አንድ ቻናል ላይ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ቀሚስ አግኝቻለሁ፤ ወገቡ ላይ ቀበቶ ያለው፣ ጉልበት ላይ የሚያልቅ።

ጓደኛዬ ሌንሴ አፏ ለማንም አይመለስም። «ሶሊ፣ አንቺ እኮ ሳንቡሳ እንኳን ውስጡን ሳታዪ አትገዢም። ያልነካሽውን ቀሚስ ልትገዢ?»

«ኮሜንቱን አንብቢዋ!»

እውነቴን ነው፣ የሚጠበቅብኝን አድርጌአለሁ። የገዙ ሰዎች የጻፉትን እስከ ታች አንብቤአለሁ። ሻጯን ቀሚሱን መስኮት አጠገብ አድርጋ በቪዲዮ እንድታሳየኝ ለምኛታለሁ፤ በፎቶ ብርቱካን የሆነ ነገር በቀን ብርሃን ቲማቲም ሊሆን ይችላላ! የጨርቁን ዓይነት ሳይቀር ጠይቄአለሁ። አራቱን ልጆች፣ ከዚያም እናቶቻቸውን አንድ በአንድ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ሻጯ «በላካችሁት ልክ እንሰፋለን፤ በልክ የተሰፋ አይመለስም» ብላ ጽፋለች። የቀረን መለካት ብቻ ነበር።

ሜትር ያለው ደግሞ ማን ነው? ጋሽ ተሾመ።

«ለምንሽ ነው?» አሉኝ፣ ከአንገታቸው ላይ እያወረዱት።

«ለሒሳብ የቤት ሥራ።»

«ጎበዝ። ግን ልጄ፣ እሱ ሜትር...» ብለው ሲጀምሩ እኔ በሩን አልፌ ሮጫለሁ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩማ።

የሜትሩ ጫፍ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። እንዳይተረተር ነው ብዬ አለፍኩት። በምሳ ሰዓት፣ ሳንቡሳ በበላንበት እጅ፣ ከውኃው ሮቶ ጀርባ ቆመን ተለካካን። እኔ እለካለሁ፣ ሌንሴ ትጽፋለች። ልካችንን ከአምስታችን ፎቶ ጋር ላክንላት። ሻጯ ወዲያው መለሰች፦ «ውዴ፣ እርግጠኛ ነሽ? ፎቶው ላይ እኮ ቀጫጭን ናችሁ።»

«መቶ በመቶ!» ብዬ ሦስት ልብ ጨመርኩላት። ሜትሩን ማታ ጋሽ ተሾመ ሳያዩኝ ሱቃቸው በር ላይ ሰቅዬ ተመለስኩ።

ልብሱ የደረሰው ዝግጅቱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ነው። ኦሎምፒያ ሄጄ ከሻጯ ተቀበልኩ። ታክሲ ውስጥ ዝናቡ በመስኮቱ ሲገባብኝ ፌስታሉን ሹራቤ ውስጥ አቅፌ፣ እኔ ረጥቤ ቀሚሱ ደርቆ፣ አራቱ ተሰብስበው ወደሚጠብቁኝ ሌንሴ ቤት ገባሁ። ቀለሙ ልክ እንደ ቪዲዮው! ተጯጯህን። ለበስን።

ወገቡ ወገባችን ላይ የለም። ጉልበት ላይ ማለቅ የነበረበት ወደ ባታችን ወርዷል።

«ሶሊ» አለች ሌንሴ እጅጌዋን እያወዛወዘች፣ «እኔና እህቴ አብረን እንገባበታለን። ዕቃ ማስቀመጫም ይተርፈናል።»

እህቷ ጫልቱ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር። አንዱን ቀሚስ ገልብጣ በጣቷ ስፌቱን ተከተለችው። «ስፌቱ አንደኛ ነው» አለች። «ሰፊዋ የተባለችውን ሠርታለች። ማነው የለካችሁ?»

አራቱም ወደ እኔ ዞሩ። አንዷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እናቷን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ሙሉ ነው የለመነችው።

ሐሙስ ጠዋት አምስቱን ቀሚስ ተሸክሜ ጋሽ ተሾመ ዘንድ ሄድኩ። የተመራቂዎች ሱፍ እስከ ጣሪያ ተቆልሎባቸዋል። ከማሽኑ ቀና ሳይሉ «የሒሳቡ የቤት ሥራ እንዴት ሆነ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎት ነው» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዩኒፎርም ነው የሚያውቁት ማለቴን ሳይቀር።

ጨርቁን በጣታቸው አሹት። «ደህና ጨርቅ መርጠሻል» አሉ። ከዚያ ሜትሩን ወገቤ ላይ አዙረው ማጉተምተም ጀመሩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማኋቸው። «ሰባ አራት... ሰባት ሲነሳለት... ስድሳ ሰባት።»

ጸሎት አልነበረም፤ መቀነስ ነበር! ናስትሮውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ጫፉ ከስንት ዘመን በፊት ተቆርጦ ሜትሩ ከሰባት ነው የሚጀምረው።

«ልነግርሽ ስል በረርሽ።»

«ታዲያ ለምን አይቀይሩትም?»

«ለምን እቀይረዋለሁ? ሰባቷን ለምጃታለሁ።»

«ለነገ ይደርስልናል ጋሼ?»

«ዕድለኛ ነሽ። ጠቦ ቢሆን ምን አደርጋለሁ፣ እናንተን አልቀንስ! የሁላችሁም ስህተት አንድ ዓይነት ነው፣ ያው ሰባት። መስፋቱ የኔ፣ መፍታቱ የናንተ።»

ከትምህርት ቤት መልስ አምስታችን በዚያች ጠባብ ቆርቆሮ ሱቅ ታጭቀን ክር ስንመዝ አመሸን። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፣ ሌንሴ «የሒሳብ ቤት ሥራ ከባድ ነው» እያለች ትተርበኛለች፣ እሳቸው ሳቃቸውን በማሽኑ ድምፅ ይሸፍናሉ። ዓርብ መድረክ ላይ የዘፈኑን ሁለተኛ ክፍል ረስተን የመጀመሪያውን ሁለቴ ዘፈንነው። ቀሚሱ ግን ልክክ ብሎ ነበር! እናቶች «ማን ሰፋላችሁ?» ሲሉ ሁላችንም በአንድ አፍ «ጋሽ ተሾመ!» አልን። ግማሹ እውነት ነው።

ለካሳ ብዬ አዲስ ቢጫ ሜትር ገዝቼ ሰጠኋቸው፣ ከዜሮ የሚጀምር። ግንባሬን ሳሙኝ። ወር ሳይሞላ የሰፈሩ ልብስ ሁሉ ጠበበ። እናቴ የአዲሱ ጉርድ ዚፕ አልዘጋ ሲላት «ወፈርኩ!» ብላ ሳምንት ሙሉ እራት ተወች። አንድ እሑድ ጋሽ ተሾመ ቢጫውን ሜትር ጠቅልለው ሊመልሱልኝ ቤታችን መጡ።

«ልጄ፣ የሱ ጥፋት አይደለም» አሉ እያፈሩ። «እጄ ከዜሮ ይለካል፤ አፌ ግን ሰባት ይቀንሳል።»

ይኸው ሜትሩ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው። ያ ሁሉ ጣጣ ሲታሰብ የስልኩም፣ የሻጯም፣ የሜትሩም ጥፋት አልነበረም፤ የሚያውቅ ሰው ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ሮጬ መውጣቴ ነው።

ለማሂ ኮሜንት አንብቢ፣ ቪዲዮ አስልኪ፣ ሻጯ «እርግጠኛ ነሽ?» ካለችሽ ልብ ከመላክሽ በፊት ደግመሽ ተለኪ ብዬ ጻፍኩላት።

«ተለክቻለሁ እኮ!» ብላ መለሰች።

«በምን?»

«ከጋሽ ተሾመ ሜትር ተውሼ፤ መልሼላቸዋለሁ። ለቤት ሥራ ነው ስላቸው ሳቁብኝ። ምን እንዳሳቃቸው እንጃ።»

«ምንም እንዳትልኪ! መጣሁ!»

ቢጫውን ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ። በሱቁ ደጃፍ ሳልፍ ጋሽ ተሾመ ሌላ ሰው ይዘው እያጉተመተሙ ነበር። ቀና አሉና «የሒሳብ ተማሪ!» ብለው ጮኹብኝ። «ፍጠኚ፣ ልጅቷም እንዳንቺ በራብኛለች!»