የዛሂዳ ግራ ዓይን

«የቱን ፊደል?» አለች ዛሂዳ።

ዶክተሯ ቀኝ ዓይኗን ሸፍናባት፣ ግድግዳው ላይ ካሉት ሁሉ ትልቁን ፊደል እንድታነብላት ነበር የጠየቀቻት። ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ዛሂዳ ግን አልቀለደችም። በግራ ዓይኗ የሚታያት የመስኮቱ ብርሃንና አንድ የፈዘዘ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ዶክተሯ ወንበሯን አስጠግታ ጣቶቿን ዘረጋችና ስንት እንደሆኑ ጠየቀቻት። ዛሂዳ እጅ መሆኑን እንጂ የጣቶቹን ቁጥር መለየት አልቻለችም።

ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ ስትጠየቅ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው አለች። የዶክተሯ ፊት ሲለወጥ አየችና ለማስረዳት ሞከረች።

«ሰው የሚያየው በአንዱ ዓይኑ ነው፣ አይደል? በአንድ እጁ እንደሚጽፈው።»

«አይደለም» አለች ዶክተሯ። ሌላው ሰው በሁለቱም ዓይኖቹ እንደሚያይ ዛሂዳ የሰማችው በሃያ ዓመቷ፣ ካምፓላ፣ ናካዋ ሰፈር ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው።

ወደዚያ የሄደችው ታማ አልነበረም። ፖርቱጋል ያለ አንድ ትንሽ የጠረጴዛ ቴኒስ ክለብ ለሁለት ዓመት ሊያስፈርማት ፈልጎ የጤና ምርመራ ወረቀት ጠይቋታል። ልቧም ጉልበቷም ደህና ነው ተብሎ ዓይኗ የቀረው ለወጉ ያህል ነበር።

አባቷ የሱፍ ከጅማ ወደ ኡጋንዳ መጥቶ ካምዎክያ በሚባል ሰፈር ውስጥ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እሷ የተወለደችው እዚያው ካምፓላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ከጎረቤት ልጆች ጋር ማኪንድዬ ወዳለ የስብሰባ አዳራሽ ሄደች፤ እዚያ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ የአየር መንገድ ሠራተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጠረጴዛ ዘርግተው ልጆች ያሠለጥናሉ። በመጀመሪያው ቀን ራኬቱን ከእጇ ለማስጣል ልመና አስፈለገ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ የልጆች ውድድር አሸነፈች፤ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አንድ ክለብ በየወሩ እየከፈለ ያጫውታት ጀመር። ሴት ልጅ በሰው ፊት ስትዘል ማየት ያልወደደው የሱፍ፣ ረጅም ሱሪና ሻሽ ከለበሰች ይሁን አለ፤ ኋላ ግን እሷ የምትጫወት ቀን ሱቁን ዘግቶ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀመጠው እሱ ሆነ።

ጋሽ ወንድይፍራው አንድ ነገሯን ብቻ አይወዱም ነበር። ኳስ ስትጠብቅ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ታወዛውዛለች። ዳንስ ቤት አይደለም፣ ቀጥ በይ እያሉ ስንቴ ተቆጥተዋታል። ቀጥ ስትል ኳሱ ያመልጣታል፤ ስለዚህ እሳቸው ዞር እስኪሉ ትጠብቅና ወደ ልማዷ ትመለሳለች።

ከክሊኒኩ ወጥታ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ያዘች። ጂንጃ መንገድ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ሞተሩ በየመሐሉ ሲሽሎከሎክ፣ ዶክተሯ እንዳደረገችው ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። መኪናም ሰውም ጠፋ፤ የቀረው የሚንቀሳቀስ ቀለም ነው። ደንግጣ የሹፌሩን ጃኬት በሁለት እጇ ጨመደደች፤ ሰውየው ሊወድቁ የደረሱ መስሎት ጮኸባት።

ሱቅ ስትደርስ አባቷ ጨርቅ እየለካ፣ እናቷ ሲቲና እየቆረጠች ነበር። ደንበኛው እስኪወጣ ጠብቃ ነገረቻቸው። ይጮኻሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ሌላ ሐኪም ቤት እንሂድ ይላሉ ብላ ነበር የጠበቀችው። ሲቲና መቀሱን አስቀመጠች።

«አልዳነም ነበር ማለት ነው?» አለች።

«ምኑ?»

እናቷ ወደ ባሏ አየች። ዛሂዳ ወደ አባቷ ዞረች፤ እሱም የያዘውን ሜትር እየጠቀለለ መልሶ ይፈታል። ነገሩን የተናገረው እሱ ነው። አራት ዓመት ሲሆናት አንድ ሐኪም ግራ ዓይኗ ሰነፍ መሆኑን ነግሯቸው ነበር። ደህናውን ዓይን በፕላስተር እየሸፈኑ ሰነፉን ካላሠሩት አእምሮዋ ይተወዋል፤ ይህንንም ለወራት በየቀኑ ማድረግ አለባችሁ ብሏቸዋል። ሞከሩ። ልጅቷ ስትሸፈን ትጮኻለች፣ ከበር ጋር ትጋጫለች። በስድስተኛው ቀን ከደረጃ ወድቃ አገጯ ተሰነጠቀ። ሲቲና ያን ጊዜ ፕላስተሩን ላጠችና ጣለችው።

«በማግስቱ የወደቀ መርፌ ከምንጣፍ ላይ አንስተሽ ሰጠሽኝ» አለች እናቷ። «መርፌ ካየች ድናለች አልን።»

ዛሂዳ እጇን ወደ አገጯ ሰደደች። ያ ጠባሳ ከዥዋዥዌ ወድቃ ነው የመጣው ሲባል ነው ያደገችው። በልጅነቷ ቢሠራበት ይስተካከል እንደነበር፣ አሁን ግን ጊዜው እንዳለፈ ዶክተሯ ነግራታለች። ይህን ግን ለእነሱ አልነገረችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ክፍት ውድድር ነበር። የገጠመችው ናንቶንጎ የምትባል ልጅ ነች፤ ዛሂዳ ከዚህ በፊት በተከታታይ ስድስት ጊዜ አሸንፋታለች። አሁን ግን ዓይኗን አላመነችውም። ኳሱን በደንብ ልየው ብላ አንገቷን ገትራ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆመች። ኳሱ ገና ሩቅ ነው ስትል አጠገቧ ይደርሳል፤ ደርሷል ብላ ስትመታ አየር ትመታለች። ሦስት ለዜሮ ተሸነፈች። ናንቶንጎ እጇን ስትጨብጣት አሞሻል እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

ጋሽ ወንድይፍራው ተከትለዋት ወጥተው አዳራሹ በር ላይ ካለው ደረጃ አገኟት። ሁሉንም ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ቀስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። ከኪሳቸው ኳስ አውጥተው ሰጧትና አንድ ዓይናቸውን ሸፍነው ወርውሪልኝ አሏት። ሳቱት። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ሳቱት። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ጀመሩ፤ እሷ እንደምታደርገው። አራተኛው ጣታቸውን ነካ፤ አምስተኛውን ያዙት።

ኳሱን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይንሽን ስከለክልሽ ኖሬያለሁ» አሉ።

ሰኞ አብረዋት ወደ ዶክተሯ ሄዱ። ዶክተሯም አረጋገጠችላቸው፤ ጭንቅላት ሲወዛወዝ ቅርብ ያለው ነገር ከሩቁ ይበልጥ የሚንቀሳቀስ ስለሚመስል፣ የዛሂዳ አእምሮ ርቀቱን በዚያ መለካት ተምሯል። ማንም አላስተማራትም። የተቀረውን ከተጋጣሚዋ ትከሻና ኳሱ ራኬት ሲነካ ከሚሰጠው ድምፅ ነው የምታገኘው። ዶክተሯ እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ደረጃ ሲጫወት አላየሁም ስትል ዛሂዳ ደስ አላላትም፤ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መሰላት። ልምምድ ላይ ግን እንደ ልማዷ ጭንቅላቷን ማወዛወዝ ጀመረች፤ ጋሽ ወንድይፍራውም አልከለከሏትም።

የምርመራው ወረቀት አሁንም አልተላከም። የሱፍ አንድ ማለዳ ልምምድ ቦታ ድረስ መጥቶ፣ ዓይኗ ደህና ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው ማግኘት እንደሚችል ነገራት። ፊቱ ገርጥቷል። ሊክሳት የፈለገ ይመስል ነበር። እሷም ለአንድ ቀን አሰበችበት። በመጨረሻ ግን የደበቁባትን ነገር መልሳ ለሌላ ሰው መደበቅ አስጠላት። እውነተኛውን ወረቀት፣ ከምርመራው ወዲህ ከተጫወተቻቸው ጨዋታዎች ቪዲዮ ጋር ላከች። በመጀመሪያው ቪዲዮ በናንቶንጎ ትሸነፋለች፤ እሱንም አላወጣችውም።

ክለቡ ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ መልሱ መጣ። የሁለት ዓመቱ ውል ቀርቶ የስድስት ወር ይሁን፤ ያላት አንድ ዓይን ስለሆነ መከላከያ መነጽር ሳታደርግ ጠረጴዛ አትቀርብም። ዛሂዳ ተናደደች፤ ግን ፈረመች።

ፖርቱጋል ሄዳ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች ተሸነፈች። መነጽሩ በላብ እየተሸፈነ ይጋርዳታል፤ የቡድኑ ልጆችም ጭንቅላቷን ስታወዛውዝ እርስ በርስ ይተያያሉ። ስድስተኛውን አሸነፈች። ግማሽ ዓመቱ ሲያልቅ ካሸነፈችው የተሸነፈችው በሁለት ይበልጥ ነበር፤ ክለቡ ግን አንድ ዓመት ጨመረላት።

አሁንም አንዳንዴ ጥርሷን ስትፋቅ በመስታወቱ ፊት ቀኝ ዓይኗን ትሸፍናለች። የራሷ ፊት ይጠፋል። በየጊዜው እንደ አዲስ ትደነግጣለች።

ከእናቷ ጋር በስልክ ስለ አየሩ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሱቁ ነው የሚያወሩት። አንድ እሁድ ግን ሲቲና በወሬው መሐል ድንገት ቆመች።

«ያን ጊዜ ለቅሶሽን መቻል ነበረብኝ» አለቻት።

 ዛሂዳ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች እንጂ አልዘጋችውም። በወዲያኛው በኩል የቦዳ ጡሩምባ ይሰማል፤ አባቷም ከአንዲት ደንበኛ ጋር በሉጋንዳ ቋንቋ ይከራከራል።