ላሟ መድኃኒት ወስዳለች?

በወተት መሰብሰቢያው በር ላይ ቆሞ የወተት ዕቃ ክዳን እየከፈተ ማሽተት ከጀመረ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው። በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ ሌላው ሁሉ «አፍንጬ» ይለዋል። የኮመጠጠውን፣ በደንብ ባልታጠበ ዕቃ የመጣውን፣ የሽንኩርት ማሳ ገብታ የበላችውን ላም ወተት ሳይቀር ጎንበስ ብሎ አንዴ በማሽተት ይለየዋል። የማይሸተው መድኃኒት ብቻ ነው። እሱን ይጠይቃል፤ ያውም ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ።

«ላሟ መድኃኒት ወስዳለች?»

«ኧረ ምንም!» ይላሉ ሁሉም። ላቦራቶሪው ግን አንድ ሁለቱን ሳይይዝ ሳምንት አያልፍም። መድኃኒት የተወጋች የአንዲት ላም ወተት የሁሉም ወተት የሚቀላቀልበትን ታንከር ሙሉ ያስደፋል። ሰውዬው ደግሞ ነገር ካልገባው እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ነውና «ለምንድን ነው የሚዋሹኝ?» እያለ ስንት ዓመት ተብሰለሰለ። ባለፈው ወር ሁለት ላም ያላትን አንዲት ሴትዮ ስትዋሽ ይዟት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!» ብሎ በሰው ፊት አሳፍሯታል።

የራሱን መድኃኒት ግን በመነጽር ማኅደሩ ውስጥ ደብቋል። ካቻምና ከአልጋ መነሳት ተራራ የሆነበት፣ ምግብ ያስጠላው፣ ያለምክንያት የሚያለቅስበት ጊዜ ነበር። ሐኪም የድብርት መድኃኒት አዘዘለት፤ ቀስ በቀስ ሰው ሆነ። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ሥራ ቦታ ከተሰማ «አፍንጬ አበደ» መባሌ አይቀርም ብሎ ይፈራል።

በዚህ ሰኞ ጉንፋን ያዘውና አፍንጫው ድፍን አለ። የኮመጠጠ ወተት አሳለፈ።

«አፍንጬ፣ አፍንጫህን የት ጥለኸው መጣህ?» አለው ኃላፊው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀጥሎ ያለው ግን አላሳቀም። «ነገም እንዲህ ከሆነ በሩ ላይ ሌላ ሰው አቆማለሁ።»

ከሥራ እንደወጣ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ገባ።

«እህቴ፣ አፍንጫ የሚከፍት ነገር ስጪኝ። ኃይለኛውን።»

ፋርማሲስቷ አንድ ፓኬት ክኒን አወረደች። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ከኋላው ጉሮሮዋን የጠረገች ሴት ነበረች። ዞር ሲል ባለሁለት ላሟ ሴትዮ ናት።

«ኧረ ምንም!» አለ።

የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። ስንት ሺህ ጊዜ የሰማት መልስ ናት፤ ቅላፄዋ እንኳን አልተለወጠም። ፓኬቱን ይዞ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እንዴ! ክፋት አይደለም እኮ ያዋሸኝ፤ ከኋላዬ ሰው ስላለ ነው። እኔስ በየማለዳው ስጠይቃቸው ሃያ ሰው ከኋላቸው አሰልፌ አይደለም? ደግሞስ አሁን ታንከሩ የኔው ገላ ነው።

ተመለሰ። ሴትዮዋ ገና እዚያው ነበረች። የመነጽር ማኅደሩን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ዋሽቼሻለሁ። የድብርት መድኃኒት እወስዳለሁ።»

ፋርማሲስቷ የመድኃኒቱን ስም አነበበችና ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንኳን ተመለሱ። ይሄ የጉንፋን ክኒን የሳል መድኃኒትም ተቀላቅሎበታል፤ ከእርስዎ መድኃኒት ጋር አይስማማም። ልብ ያስመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ከዚያ የባሰም ሊያመጣ ይችላል።»

«ታዲያ የኔን ላቁመው?»

«በፍጹም! ለጉንፋን ተብሎ እሱ አይቋረጥም።» ትንሽ ጠርሙስ ሰጠችው። «በዚህ በቀን ሦስት አራቴ አፍንጫዎን ያጥቡ። ሲተኙ ትራስ ከፍ ያድርጉ፤ ውሃም በደንብ ይጠጡ። ካልተሻለዎት ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ይይዎት።»

«ምንድን ነው?»

«የጨው ውሃ።»

«ጨው ብቻ?» አለ፣ እንደተታለለ ሰው።

«ጨው ብቻ።»

ሴትዮዋ መደርደሪያውን አፍጥጣ ታያለች። ፊቱ እንደጋለ ወጣ።

በማግስቱ አንደኛው የአፍንጫው ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። የኮመጠጠውን በአንዱ ለየ፤ ኃላፊውም በሩ ላይ ሌላ ሰው አላቆመም። የባለሁለት ላሟ ተራ ሲደርስ ግን ሰልፉን በዓይኑ ቃኘ። ተናግራ ይሆን? ከበሩ ደረጃ ወርዶ አጠገቧ ቆመና እሷ ብቻ እንድትሰማ ጠየቃት።

«ላሟ መድኃኒት ወስዳለች?»

ቀና ብላ አየችው። እንደወትሮው ሁለት ሳይሆን አንድ ዕቃ ብቻ ነበር የያዘችው።

«ቀይዋ ትናንት ተወግታለች። የሷን ወተት ቤት አስቀርቼዋለሁ።» ዕቃውን አቀበለችው፤ ድምፅዋን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «ያንተም ነገር እኔው ጋ ቀርቷል።»